ከበሩ ፊት ለፊት የሚቆም ዛፍ

ቦንጋ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለበዛብህ ተድላ፣

ያለህበት አገር ምድሩም ሰዉም ይመችህ። እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ዝናቡ ብቻ አላስወጣ አላስገባ ብሎናል። ስልክ ላይ ስንገናኝ «ደህና ነዎት?» «ደህና ነኝ» ስንባባል መስመሩ ይቆረጣል። ቁም ነገር በደብዳቤ ይሻላል ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

የአባባ ዋንዛ ወደቀ። ዝናቡ ሲጥል ውሎ አመሻሹ ላይ ነፋስ ተነሣና፣ ማድ ቤት ቆሜ ሳለሁ መሬቱ ሲርድ ተሰማኝ። ወጥቼ ባይ አጥሩን ይዞት ሄዶ መንገዱ ላይ ተጋድሟል። ሰው አላገኘም፣ ተመስገን። ከውጭ ሲያዩት አረንጓዴ ነበር፤ ውስጡን ግን ነቀዝ በልቶት ኖሮ ጋሽ ፈለቀ መጋዝ ሲያስገቡበት እንደ ዱቄት ፈሰሰ። ጋሽ ፈለቀን ታስታውሳቸዋለህ፣ ከአጥራችን ቀጥሎ ያሉት አናጢ። ሲቆራርጡት ውለው ሲጨርሱ፣ «ይሄ ዛፍ የቆመው በይሉኝታ ነበር» አሉኝ።

አሁን ግቢው እንደ ተላጨ ራስ ሆኗል። ከበሩ ሲገቡ ዓይን የሚያርፍበት የለም፤ ቤቱም ልብሱን እንደ ተገፈፈ ሰው ያፍራል። መንገደኛው ሁሉ ሳሎን ቁጭ ብዬ የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም እያየኝ ነው የሚያልፈው። ቀድሞ ዛፉ ሸፍኖኝ እንደነበር አላውቅም ነበር።

ሚሊኒየሙ መጣ ተብሎ ሁሉም ሰው ችግኝ ይትከል እየተባለ ነው። ትምህርት ቤታችን ግቢም ሊጠብ ነው መሰለኝ። እኔ ግን እንዲሁ የታደለኝን ወስጄ መሸጎጥ አልፈለግሁም። ቤቱ የሁለታችን ነው። ጡረታ ስትወጣ መጥተህ የምትቀመጥበት አንተ ነህና፣ ከበሩ ፊት ለፊት ምን እንደሚቆም አንተ ወስን። ክረምቱ ሳይወጣ ብትመልስልኝ ደስ ይለኛል።

የእናታችን አምላክ ይጠብቅህ።

እኅትህ ላቀች


ኦዴሳ፣ መስከረም 24 ቀን 2000 ዓ.ም.

እናትም እኅትም ሆነው ላሳደጉኝ ለእትዬ ላቀች፣

አዲሱ ሺህ ዓመት የጤና ይሁንልዎ። ደብዳቤዎ መንገድ ላይ ሰንብቶ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ደረሰኝ። ዋንዛው ሥር ፊደል ያስቆጠሩኝን አስታውሼ ትንሽ ከፋኝ። በኋላ ግን፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ደስ አለኝ። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ስለዚያ ቤት እንድወስን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ጫማ ከምሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ሰሞኑን ሌላ ነገር አላስብም። ደንበኛ ቁጥር ይጠይቀኛል፤ እኔ ዛፍ እመርጣለሁ። ነቢዩ፣ አብሮኝ የሚኖረው የጎንደር ልጅ፣ «ምን ሆነህ ነው ለብቻህ የምታወራው?» ይለኛል።

ባሕር ዛፍ ይቅር፤ የጉድጓዳችንን ውኃ ጠጥቶ ይጨርሰዋል። ጥድ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን እንጂ ለመኖሪያ አይሆንልኝም። አቮካዶ ይሉዎታል፤ ፍሬው ይጠቅማል፣ ግን አቮካዶን ቆሞ የሚያይ ሰው አላየሁም። ብሳና ቶሎ ያድጋል፤ ቶሎ የመጣ ነገር ግን አላምንም። (ብሳናን በካፊኖኖ ምን ነበር የምንለው? ሰሞኑን ሳስብ ሳስብ ጠፋብኝ። ነቢዩን ብጠይቀው ከየት ያውቃል።)

እኔ የመረጥኩት ዝግባ ነው። ቀስ ይበል ግዴለም። እኛ ስናረጅ እሱ ይጎረምሳል። እርስዎ ወንበር ያወጣሉ፣ እኔ ጋዜጣ ይዤ እመጣለሁ፣ መንገደኛውም ሳሎንዎን ማየቱን ትቶ ዛፉን ያያል። ከበሩ ትክክል ሳይሆን ትንሽ ወደ ግራ ይሁን፤ ጠዋት ፀሐይ መስኮትዎን እንዳይከለክል።

የመኖሪያ ወረቀቴ ሊታደስ ተራ እየጠበቅሁ ነው። እንደተሰጠኝ እመጣለሁ። እስከዚያ ችግኙን አደራ።

አክባሪ ወንድምዎ በዛብህ


ቦንጋ፣ ኅዳር 9 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለወንድሜ በዛብህ፣

ጤናህን እንደምወደው ያድርግልህ። ዋጎ ነው። ብሳናን ዋጎ ነው የምንለው። ይህን ከረሳህ ስትመጣ ገበያ አስተርጓሚ ልቀጥርልህ ነው።

ዝግባ ብለህ መጻፍህን ሰምቶ ያልተናገረ ሰው የለም። ግብርና ቢሮ ማዕረግ የምትባል ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች ልጅ አለች፤ ሥራዋን የምትወድ ልጅ ናት። ልጠይቃት ብሄድ፣ «እትዬ ላቀች፣ ኢኮኖሚክ ቫልዩ ያለው ነገር ቢተክሉ ይሻላል። ኢምፕሩቭድ አቮካዶ አለን፤ በሦስት ዓመት ይሰጥዎታል» አለችኝ።

«ወንድሜ አቮካዶን ቆሞ የሚያየው ሰው የለም ብሏል» ስላት ሳቀች። «ታዲያ የሚታይ ነው የሚበላ የሚፈልጉት?»

«የሚጠበቅ» አልኳት። ከአፌ የወጣው እሱ ነው።

እኔ በልቤ ዋንዛውን መልሼ መትከል ነበር የፈለግሁት፤ ልማድ ነው መሰለኝ። ቃሌን ግን ሰጥቼሃለሁ። እዚህ ደህና የዝግባ ችግኝ ስላጣሁ ዋጫ ከተማ ድረስ ሄድኩ። ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ከሁሉ ቀጥ ያለችውን መርጬ፣ ሚኒባሱ ውስጥ እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ አስቀምጬ መጣሁ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «የምን ችግኝ ነው?» አለችኝ። «የወንድሜ» አልኳት።

ስተክላት ጋሽ ፈለቀ አጥራቸው ላይ ተደግፈው ያዩኝ ነበር። «ዝግባ ነው? ለማን የልጅ ልጅ?» አሉ። ወዲያው ደግሞ የተናገሩት ቆጫቸውና አካፋውን ተቀብለውኝ አፈሩን መለሱልኝ። ልጅ እንደሌለኝ እሳቸውም ያውቃሉ። ክፉ ሰው አይደሉም።

ቁመቷ ስንዝር ከምናምን ነው። በዙሪያዋ ፍየል እንዳይበላት እሾህ አድርጌባታለሁ። ከመንገድ ስትታይ የታጠረ እሾህ እንጂ ዛፍ አትመስልም፤ ግን አለች። ወረቀትህ ምን ደረሰ? ለፋሲካ ትደርሳለህ? አልጋህን አድሼ ፍራሹን ፀሐይ እያስመታሁት ነው።

እኅትህ ላቀች


ኦዴሳ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለእትዬ ላቀች፣

እግዚአብሔር ጥላ ከለላ ይሁንዎ። ለፋሲካ መድረስ አልቻልኩም። ደብዳቤዎም መልስ ሳላገኝለት ብዙ ከረመ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዘንድሮ ብርዱ ጠንቶ ነበር፣ ሥራም አልተመቸኝም። ወረቀቱ ገና ነው።

ስለ ችግኟ ያሉትን ደጋግሜ አነበብኩት። ሚኒባስ ውስጥ አቅፈዋት ሲመጡ አየሁዎት። ነገር ግን እትዬ፣ ሐሳቤን ለወጥኩ። ዝግባዋ ከጓሮ ትዛወርና ፊት ለፊቱን ቶሎ ለሚያድግ ነገር እንስጠው። ብሳና ይሁን፣ ዋጎ። ሁለት ክረምት ከጠጣ ጣራውን ይደርሳል ሲባል ሰምቼ ነበር። ግራቪሊያም ቢሆን አልጠላም። ጥላ የሚጥል፣ ቅጠሉ የሚንቀሳቀስ ነገር ይሁን እንጂ።

ደግሞ ፎቶ ያንሡልኝ። ከመንገዱ ማዶ ቆሞ የሚያነሣ ሰው ይፈልጉና ቤቱም በሩም ይግባበት። በየጊዜው ቢልኩልኝ ሲያድግ አየዋለሁ።

ብዙ ለመጻፍ አስቤ ነበር፤ እጄ ደከመኝ።

ወንድምዎ በዛብህ


ቦንጋ፣ ሰኔ 3 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለወንድሜ በዛብህ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ፖስታውን ስከፍት ሌላ ሰው የጻፈው መሰለኝ። የእጅህን ጽሑፍ ያስያዝኩህ እኔ ነኝ። ዋንዛው ሥር ተቀምጠህ «ሐ»ን ስትጽፍ እግሮቿን እኩል እስክታደርግ አላስነሣህም ነበር። አሁን የላክኸው ላይ ፊደሎቹ ይወድቃሉ። መስመሩ ወደ ታች ይሄዳል። የአርባ ዓመት ሰው እጅ እንዲህ አይሆንም።

ከዚያ ደግሞ ዛፉ። መስከረም ላይ ቶሎ የመጣ ነገር አላምንም ያልከኝ አንተ ነህ። እኛ ስናረጅ እሱ ይጎረምሳል ብለህ ስትጽፍልኝ፣ ደብዳቤውን ትምህርት ቤት ወስጄ ለመምህራኑ ሳይቀር አንብቤላቸዋለሁ። ምን አስቸኮለህ?

ዝግባዋ ይዛለች። አዲስ ቅጠል አውጥታለች፤ ለስላሳ ነው፣ በጣት ሲነኩት እንደ ጨቅላ ጠጉር። ከቦታዋ አላነሣትም። አንዴ የያዘን ችግኝ ማንቀሳቀስ መግደል ነው። ብሳናም አልተክልም። ፎቶም አላስነሣም፤ መጥተህ ታያለህ።

ሐኪም ቤት ሄደህ ታውቃለህ? ዝም ብለህ አትለፈኝ። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ለዚህ ብቻ መልስልኝ።

ላቀች


ኦዴሳ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለእትዬ ላቀች፣

መስቀሉን በጤና እንደዋሉ ተስፋ አለኝ። ደብዳቤዎን ይዤ ብዙ ሰነበትኩ። ውሸት ልጽፍልዎ ጀምሬ ቀደድኩት፤ እንደገና ጀምሬም ቀደድኩት።

ሁለቱም ኩላሊቶቼ ሥራ አቁመዋል። በየሁለት ቀኑ ሆስፒታል እየሄድኩ ደም የሚያጥብ ማሽን ላይ እተኛለሁ። ስመለስ ደረጃውን ነቢዩ ደግፎ ያወጣኛል። ሱቁን ለቅቄያለሁ። ወረቀቱ ከታደሰ ቆየ፤ ወረቀት ያዘኝ ያልኩዎ ለመደበቅ ነው። ከማሽኑ ርቄ ሳምንት ማለፍ አልችልም ይላሉ። ስለዚህ የመምጣቱ ነገር ያከተመ ነው እትዬ። ይህን ቃል ለመጻፍ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ የፈጀሁት።

ሲጀመር አላወቅሁም ነበር። ዝግባ ይሁን ስልዎ ከልቤ ነበር። እግሬ ሲያብጥ ብርድ ነው እያልኩ ከረምኩ።

ማሽኑ ላይ ስተኛ በመስኮቱ አንድ ዛፍ ይታየኛል። ስሙን አልጠየቅሁም። ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ነው የቆመው። እሱን እያየሁ የእኛን ግቢ እሠራዋለሁ፤ በሩን፣ አጥሩን፣ መስኮትዎን አስቀምጣለሁ፤ መሐሉ ላይ የማስቀምጠው ግን የለኝም። ዋንዛው ወድቋል፤ ዝግባዋን በስንዝሯ ማየት አልቻልኩም። ቤቱ ላይ ጥላውን የሚጥል አንድ ነገር በፎቶ እንኳ አይቼ ማለፍ እፈልጋለሁ። ጊዜ የሚፈጅ ነገር አይምረጡልኝ። ከአንድ ክረምት በላይ አይቁጠሩልኝ።

እንዳይቆጡኝ።

በዛብህ


ቦንጋ፣ ኅዳር 21 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣ ለልጄ፣ ለበዛብህ፣

አምላክ በምሕረቱ ይጎብኝህ። ደብዳቤህን ያነበብኩት ትምህርት ቤት ነው። ከክፍል ወጣሁና ልጆቹ የተውኩትን ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ እያዩ እስኪደወል ተቀመጡ አሉ።

በነጋታው ሆስፒታል ሄድኩ። ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ሰው ያዳምጣል። ስላንተ ሁሉንም ነገርኩት። ማሽኑ እዚህ የለም። በአካባቢያችንም የለም። አዲስ አበባ አለ፤ ለስንት ሰው ይደርሳል፣ እሱም በየሁለት ቀኑ ለዘለዓለም ከሆነ ማን ይችለዋል አለኝ። ያኔ «አንዱን ኩላሊቴን ልስጠው» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ስኳር አለብዎት እንዴ?»

«አለብኝ።»

«ይታከማሉ?»

«ክኒን እውጣለሁ።»

ደምና ሽንት ሰጥቼ ውጤቱን ይዞ ሲመጣ ከፊቱ አወቅሁት። ስኳሩ የእኔንም ኩላሊት ጀማምሮታል። «እትዬ፣ የእርስዎ ለእርስዎም ይበቃ እንደሆነ ነው» አለኝ።

ስኳሩን ነግሬህ አላውቅም። ትጨነቃለህ ብዬ ነው። አንተም ያው ለእኔው ብለህ ነው የደበቅኸኝ። ስንተዛዘን ሁለታችንም ብቻችንን ታመምን።

አሁን የምልህን ስማኝ። ብሳና አልተክልም። ይህን ስልህ ጨክኜ አይደለም። ጋሽ ፈለቀ ነገሩን ሰምተው ትናንት መጡ። «የልጁን ፈቃድ ይፈጽሙለት፤ ዛፍ ነው፣ ምን አለበት» አሉኝ።

«ቶሎ የሚደርሰውን ከተከልኩ መሞቱን ፈረምኩ ማለት ነው» አልኳቸው።

ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ባይፈርሙስ?» አሉ።

ተነሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። እስኪሄዱ አልወጣሁም።

ዝግባዋን ውኃ እያጠጣኋት ነው። አንተ እያለህ ነው የተከልኳት፤ አንተ እያለህ ታድጋለች። ሰው በጸሎት ተነሥቶ አይቻለሁ። ቢታ ገነት ያሉት ዘመዶቻችን ሱባኤ ገብተውልሃል። ጠንክር።

ላቀች


ኦዴሳ፣ የካቲት 2 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለእትዬ ላቀች፣

የምናገረውን የሚጽፍልዎ ነቢዩ ነው። እጄ እምቢ አለኝ፤ ጽሑፉ ቀጥ ብሎ ሲያዩት ዳነ እንዳይሉ።

ኩላሊትዎን ልስጥ ማለትዎን ሰማሁ። ስኳሩንም። ክኒኑን አያቋርጡ። ከዚህ ሌላ ስለ በሽታ አንነጋገር፤ እዚህ ቀኑን ሙሉ የማወራው እሱን ነው።

ቅር አለኝ እትዬ። ቅሬታዬን ይዤ እንዳልሄድ ብዬ ነው የምነግርዎ። ከተለየሁዎ ጀምሮ አንድ ነገር ለምኜዎት አላውቅም። ገንዘብ አልጠየቅሁዎ፣ ርስት ያካፍሉኝ አላልኩዎ። አንድ ዛፍ ጠየቅሁዎ። እርስዎ እንዳልሞት ብለው ከለከሉኝ። እኔ ግን በእርስዎ ዝግባ አልድንም። እርስዎም ያውቁታል።

አሁንማ ይቅር። የትኛውም ዛፍ ቢሆን አይደርስልኝም። ዝም ብለው ግቢው ጠዋት ምን እንደሚመስል ይጻፉልኝ። ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ፣ ከባርታ ወንዝ በኩል ጉሙ ሲነሣ ይታይ እንደሆነ። ያንን ነቢዩ ያነብልኛል።

በዛብህ

(እትዬ፣ እኔ ነቢዩ ነኝ። ይህን ካስጻፈኝ በኋላ ቅደደው አለኝ። እኔ አልቀደድኩትም፤ አይቀየሙብኝ።)


ቦንጋ፣ መጋቢት 8 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለወንድሜ በዛብህ፣

ይቅር በለኝ። ከሰላምታዬ በፊት እሱን ላስቀድም።

ደብዳቤህ በደረሰ ማግሥት ጋሽ ፈለቀን ቀሰቀስኳቸው። «ብሳና እንፈልግ፤ ችግኝ አይደለም፣ ያደገ» አልኳቸው። ዶማቸውን ይዘው ወጡ። ከከተማው ዳር፣ ጫካው ከሚጀምርበት የአንድ ገበሬ ማሳ ጫፍ ላይ አገኘን። ከእኔ ቁመት በላይ ነው፤ ግንዱ ክንዴን ያህላል። ገበሬው በካፊኖኖ የነገርኩትን ሰምቶ፣ «ለበሽተኛ ከሆነ ውሰዱት፤ ግን ይህን ያህል ካደገ ወዲያ ቦታ መቀየር አይወድም» አለን። ሥሩን ከነአፈሩ በጆንያ ጠቅልለን፣ ባጃጅ ውስጥ አልገባ ቢለን ገበሬውና ጋሽ ፈለቀ በትከሻቸው ይዘውት መጡ። ከተማው ሁሉ ቆሞ አየን።

የተከልነው አንተ ባልክበት ነው፣ ከበሩ ትንሽ ወደ ግራ፣ ዝግባዋን ሳንነካ ከጎኗ። ፎቶ አንሺው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ አንሥቶታል፤ ይኸው ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ቤቱም በሩም ገብቶበታል። አጠገቡ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ቁመቱ እንዲታወቅ ነው የቆምኩት። ጥላው ግድግዳው ላይ ይታያል፤ እየው። ቅጠሉ ትንሽ ተኝቷል፤ ከመንገድ ስለመጣ ነው፤ ይነሣል ይላሉ።

ስለ ጠዋቱ ጠይቀኸኛል። ጉሙ አሁንም ይመጣል። ከባርታ ተነሥቶ ወደ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ አጥሩ ይጠፋል፣ ከዚያ በሩ። ለጥቂት ጊዜ ቤቱ ብቻውን ይቀራል። ፀሐይዋ በምሥራቅ በኩል፣ ከጋሽ ፈለቀ ጣራ በላይ ትወጣና ቆርቆሯቸው ላይ አርፋ ነው ወደ እኛ የምትመጣው። ጉሙ ሲገለጥ በመጀመሪያ የሚታየው ዛፍህ ነው። ዛሬ ጠዋት ወጥቼ ያየሁት እንዲህ ነው። ወንበር አውጥቼ እስኪረፍድ ተቀመጥኩ። ለትምህርት ዘገየሁ።

ጻፍልኝ፤ ነቢዩም ቢሆን ይጻፍልኝ።

እኅትህ ላቀች


ቦንጋ፣ ሰኔ 14 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለአቶ ነቢዩ፣

እግዚአብሔር ላደረግህለት ሁሉ ዋጋህን ይክፈልህ። አይቼህ አላውቅም፤ ልጄ ብዬ ብጠራህ ደስ ይለኛል።

ለርእሰ መምህሩ ስልክ መደወልህ ጥሩ ነበር። በማለዳ ጋሽ ፈለቀና መምህራኑ ሆነው መጡ። በሩ ላይ ቆመው ሳያቸው፣ ማንም ሳይናገር ገባኝ። ሰው በዚያ ሰዓት በአንድነት የሚመጣው ለሌላ ነገር አይደለም።

ለቅሶው በሥርዓቱ ተቀመጥን። ሬሳ ስለሌለ ፎቶውን አውጥተን ነው ያለቀስነው፤ ተማሪ ሆኖ ሲሄድ የተነሣውን። ያሁኑን መልኩን የሚያውቅ የለም፤ እኔም አላውቀውም። ለቀስተኛው ብዙ ነበር። ግቢው ባዶ ስለሆነ ድንኳኑ ሳይጨናነቅ ተተከለ፤ «ቦታው ተመቸ» ሲሉ ሰማሁ። እውነታቸውን ነው።

የዛፉን ፎቶ እንዳየ ጽፈህልኛል። ራስጌው አስደግፈህለት፣ ብዙ አይቶ «ዋጎ» እንዳለ፣ ሌላ ነገር እንዳልተናገረ። ይህን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ነገር ላንተ ብቻ ልንገርህ። ፎቶው እናንተ ዘንድ ሲደርስ ዛፉ ከደረቀ ሰንብቶ ነበር። ቅጠሉ አልተነሣም። አንድ በአንድ ረገፈና ግንዱ ብቻ ቀረ፤ የድንኳኑ ሰዎች ሲመጡ ጋሽ ፈለቀ ነቅለው ወሰዱት። እሱ ያየው የሌለ ዛፍ ነው። በዚህ ልጽናና ወይስ ልዘን፣ እስካሁን አላወቅሁም።

ዝግባዋ ደህና ናት፣ ጉልበቴ ደርሳለች። ሲያልፉ ያዩዋት ሰዎች ታምራለች ይሉኛል። እኔ አላጠጣትም አሁን። ዝናቡ ነው የሚያጠጣት።

ልብሶቹን አትላክልኝ፤ ለሚበርደው ስጥልኝ። የዛፉን ፎቶ ግን አብረህ ቅበረው ብልህ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልፏል። አንተ ዘንድ ይቀመጥ።

ለጠየቅኸኝ ነገር ብዙ አስቤበታለሁ። መቃብሩ ራስጌ ዛፍ መትከል እንደሚፈቀድ፣ ቦታውን የሚጠብቁት ሰውዬም ምን እንትከል እንዳሉህ ጽፈሃል። የዚያን አገር ዛፎችም ስም ዘርዝረህልኛል። ስማቸውን ጮክ ብዬ አነበብኳቸው፤ የትኛውንም አላውቀውም። ምን እንደሚመስሉ፣ የትኛው ጥላ እንዳለው፣ የትኛው በበረዶ እንደማይሞት አላውቅም። እኔ የማውቃቸው ዛፎች እዚያ አይጸድቁም። ማዕረግን፣ የግብርናዋን ልጅ፣ ብጠይቃት እሷም አላወቀችልኝም።

ስለዚህ እኔ መምረጥ አልችልም። አንተ ምረጥለት። ብቻ ቶሎ የሚያድገውን አድርገው።

ላቀች ተድላ